ከባሕር ዛፍ ርብራብ እስከ ብረት መወጣጫ፦ ግንባታ ላይ የዋልን ሴቶች ታሪክ



በቁጠባ መዝገባችን «የሥራ ዓይነት» በሚለው ዓምድ ሥር ደጋግሞ የተጻፈው ቃል «ቀን ሥራ» ነው። ጉልት የምንቸረችር፣ ልብስ የምናጥብ፣ እንጀራ ጋግረን የምናስረክብ እንዳለን ሁሉ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤት ወጥተን የግንባታ በር ላይ ቆመን የምንቀጠር ጥቂት አይደለንም። አሸዋ እንነፋለን፣ ማልታ እናቦካለን፣ ብሎኬት እናቀብላለን፣ ባሬላ እንሸከማለን። ግንበኛው ከፍ ባለ ቁጥር እኛም ተከትለነው እንወጣለን። የምንወጣውም ከባሕር ዛፍ በተሠራ ርብራብ ላይ ነው።

ስለዚህ ርብራብ ለመጻፍ ያነሣሣን በመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. የደረሰው ሐዘን ነው። በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ከተማ፣ በመሠራት ላይ ባለው የአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ለማርያም ክብረ በዓል ከተሰበሰቡት ምእመናን ከ30 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸው አለፈ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥ። ያን ሰሞን በሳምንታዊ ስብሰባችን ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዷ አባላችን «እኛ እኮ በየቀኑ የምንውለው እዚያው ላይ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹን አባላት እየጠየቅን፣ የአዋጆቹን ቃል አብረን እያነበብን ይህን ጽሑፍ አሰናዳን። ርብራብ ከየት መጣ? ለምን ይወድቃል? ሕጉስ ስለ እኛ ምን ይላል? የሚሉትን ጥያቄዎች በተራ እናያቸዋለን።

እግር መሬት ሳይለቅ

አገራችን በግንባታ ጥንታዊ ናት። ነገር ግን ትልቁ ሥራ ሁሉ ወደ ላይ በመውጣት የተሠራ አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። ጠራቢው የሚቆመው በዚያው በሚጠርበው ዐለት ላይ ስለነበር፣ ሥራው ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር እሱም አብሮ ይወርዳል እንጂ በአየር ላይ አይንጠለጠልም።

የገጠሩ ቤትም ዝቅ ያለ ነው። ወንዶቹ ቋሚውን ይተክላሉ፣ ማገሩን ያስራሉ፣ ጣሪያውን ይከድናሉ። ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ይረግጣሉ፣ ግድግዳውን ይመርጋሉ፣ ወለሉን በእበት ይለቀልቃሉ። ለምርጊት ከፍ ያለ ቦታ ቢያስፈልግ በርጩማ ወይም አጭር መሰላል ይበቃል። ስለዚህ ሴት ቤት ሠሪ የሆነችው ዛሬ አይደለም። እናቶቻችንና አያቶቻችን የመረጉት ግድግዳ በየቀበሌው ቆሟል። ሆኖም ከሥራው የሚመጣባቸው ጉዳት የወገብ ሕመምና የእጅ መሰነጣጠቅ ነበር። ከሁለተኛና ከሦስተኛ ፎቅ መውደቅ የሚባል ነገር የመጣው ሴቲቱ ወደ ከተማ ከመጣችና ፎቅ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ደን ነበራት። ማገዶውም፣ የቤቱም እንጨት፣ የአጥሩም ከዚያው ደን ይመጣ ስለነበር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። እንጨት ለማምጣት የሚኬደው መንገድ በየዓመቱ እየራቀ ስለሄደ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ባለችበት ካጸኗት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገር የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው። ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማዪቱ ማገዶም ምሰሶም አገኘች፤ መዛወሩም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ግንባታ ከባሕር ዛፍ አልተለየም። እንደ ውፍረቱ ማገር፣ አጠና፣ ቋሚ እየተባለ ይሸጣል። መርካቶ አጠገብ ያለው «አጠና ተራ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ንግድ ነው። የቤት ግድግዳ የሚሆነው አጠና፣ ፎቅ ሲመጣ የርብራብ እግር ሆነ። ርካሽ ነው፤ በየትም ይገኛል፤ መጋዝና መዶሻ ካለ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም።

ከዛፉ ጋር የሴቶችም ታሪክ አብሮ ይሄዳል። በማኅበራችን ካሉት ትልልቅ አባላት መካከል በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ልጆች ያሳደጉ አሉ። ልጆቻቸው ደግሞ ዛሬ ከዚያው ዛፍ በተሠራ ርብራብ ላይ ማልታ ተሸክመው ይወጣሉ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እናት ባሕር ዛፉን ተሸክማ ወረደች፤ ልጅ በባሕር ዛፉ ላይ ተሸክማ ወጣች። ትልልቆቹ አባላት ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ ግን ወገባቸውን ይዘው ነው።

ባሬላ፣ ካቦ፣ ፌሮ

የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮውም፣ ሚስማሩም፣ ሌላውም የፋብሪካ ዕቃ በብዛት መግባት ጀመረ። ድሮ በልጥና በጠፍር ይታሰር የነበረው እንጨት በሚስማር መመታት ተለመደ። ቀጥሎ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ መጣ። ወራሪው በቆየባቸው አምስት ዓመታት መንገድና ሕንፃ በብዛት ስላሠራ፣ የሥራው ቋንቋ በሠራተኛው አፍ ላይ ቀረ። ዛሬም በየግንባታው የምንጠራቸው ስሞች ከዚያ ቋንቋ የመጡ ናቸው፦ ሁለት ሰው የሚሸከመው ባሬላ፣ አሠሪው ካቦ፣ ብረቱ ፌሮ፣ ጭቃው ማልታ፣ የፎቁ ወለል ሶሌታ። ርብራቡንም «ፖንቴ» የሚሉት አሉ።

እነዚህን ቃላት ስንቆጥር አንድ ነገር አስተዋልን። የመሣሪያው፣ የዕቃውና የአለቃው ስም ሞልቷል። ሰው እንዳይወድቅ በርብራቡ ጠርዝ ላይ ለሚመታው መከላከያ ግን እኛ በሠራንባቸው ቦታዎች ሁሉ የሰማነው ስም የለም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ «ይምጣ» ተብሎ አይጠራም።

በሌላው ዓለም በዚያው ዘመን ስለዚህ ነገር ሕግ ይወጣ ነበር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. በጄኔቫ ስለ ሕንፃ ሥራ ደኅንነት አንድ ስምምነት አጸደቀ፤ ቁጥሩ 62 ነው። ከመሰላል ላይ ሆኖ በደኅና ሊሠራ ለማይችል ሥራ ሁሉ ተስማሚ ርብራብ እንዲዘጋጅ፣ ርብራብ የሚሠራውና የሚፈርሰውም ብቃት ባለው ኃላፊ ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ያዝዝ ነበር። አገራችን ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህ ድርጅት አባል ነበረች። ነገር ግን ያ ስምምነት ሲጸድቅ በወረራ ሥር ነበረች፤ ሕዝቧም የሚሠራው በወራሪ ካቦ ትእዛዝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል ይገባል። ብዙ ሰው የእንጨት ርብራብ የድሃ አገር ነገር ይመስለዋል። በእንግሊዝ አገርም እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ርብራብ የሚሠራው ከእንጨት ምሰሶና ከገመድ ነበር። የብረት ቱቦን በብረት ማያያዣ እያጠበቁ መገጣጠም በሎንዶን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1910ዎቹ ወዲህ ነው፤ በዚህም ዳንኤል ፓልመር ጆንስ የሚባል ሰው ስሙ ይነሣል። ስለዚህ እንጨቱ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም። ጥያቄው እንዴት ተሠራ፣ ማን ፈተሸው፣ ስንት ጊዜስ አገለገለ የሚለው ነው።

ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ኮንዶሚኒየም

ከነጻነት በኋላ ከተማዋ ወደ ላይ ማደግ ጀመረች። በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው ተመሠረተ። የአርክቴክቱ ስም በታሪክ ተጽፏል፤ ይገባዋልም። አሸዋውን የነፋው፣ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ግን ስሙ አልተጻፈም። የቀን ሠራተኛ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በካቦ ደብተር ላይ ነው፤ ደብተሩም ሥራው ሲያልቅ ይጣላል።

ሴቶች በብዛት ወደ ግንባታ የገቡበትን ዘመን እኛ ራሳችን እናስታውሳለን። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ፕሮግራም ብዙዎቻችንን ከጉልትና ከእንጨት ለቀማ አንሥቶ ወደ ብሎኬት ማምረቻና ወደ ርብራብ አመጣን። ፕሮግራሙ ቤት መሥራት ብቻ ሳይሆን ሥራ መፍጠርም ዓላማው ነበር። ከሚታደሉት ቤቶች 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉም ይታወሳል። ዕጣ የወጣላቸው አባላት አሉን፤ ራሳቸው ብሎኬት ባቀበሉበት ሰፈር ቤት ያገኙም አሉ። ይህን መልካም ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ግን ያ ሁሉ ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የተሠራው በአብዛኛው በባሕር ዛፍ ርብራብ ነው።

በ2004 ዓ.ም. በቻይና ተቋራጭ የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ሲመረቅ ቁመቱ 99.9 ሜትር ነበር። ከዚያም ወዲህ ከእሱ የሚበልጡ ሕንፃዎች ተነሥተዋል። በትልልቆቹ ግንባታዎች የብረት ርብራብ፣ መረብ፣ ቀበቶና የራስ ቁር እናያለን። ከዚያው መንገድ ማዶ በሚሠራ ባለ አራት ፎቅ የግል ሕንፃ ላይ ግን አጠናው እንደ ድሮው ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ዘመን ይሠራል። እኛ የምንቀጠረው ብዙ ጊዜ በአሮጌው ዘመን በኩል ነው፤ ምክንያቱም ያለ ወረቀት የሚቀጥረው እሱ ነው።

ርብራብ ለምን ይወድቃል?

ይህን ለመጻፍ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በየቀኑ የቆመበት ሰው ያውቀዋል።

አንደኛ፣ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ይመታል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ በእርጥቡ የጠበቀው ሚስማር ይላላል። ሰኞ የጠነከረ ርብራብ ከሁለት ሳምንት ፀሐይ በኋላ ያው ርብራብ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አንድ አጠና ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው እየተነቀለ ይሄዳል። በተነቀለ ቁጥር አዲስ የሚስማር ቀዳዳ ይጨመርበታል። አንዳንዱ የውስጡ ጉዳት ከውጭ ሲታይ አያስታውቅም።

ሦስተኛ፣ እግሩ በለስላሳ አፈር ላይ ይተከላል። ከሥሩ ጣውላ ካልተደረገለት ክረምት ሲመጣ ይሰምጣል። አንዱ እግር ከሰመጠ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

አራተኛ፣ ሰያፍ እንጨት ይቀራል። ቋሚውና አግዳሚው ብቻ ያለው ርብራብ እንደ በር ፍሬም ወደ ጎን ይዘማል፤ ሰያፉ ነው ቀጥ አድርጎ የሚይዘው። አናጢው እንጨት ሲያጥረው ቀድሞ የሚተወው ግን ሰያፉን ነው። ርብራቡ ከሕንፃው ጋር አለመታሰሩም እንዲሁ ነው።

አምስተኛ፣ ጭነቱ አይለካም። በአንድ ቦታ ላይ ብሎኬት ይከመራል፣ የማልታ ገበታ ይቀመጣል፣ አራት ሰው ይቆማል። የሶሌታ ሙሌት ቀን ደግሞ ከሌላው ቀን የሚበልጥ ሰው ይወጣል፤ ሁሉም ይቸኩላል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ መድረስ አለበት ይባላል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሴቷ ጉዳይ ለብቻው የሚታይበት አለ። ግንበኛው በርብራቡ ላይ አንድ ቦታ ይቆማል። እኛ ግን በቀን ብዙ ጊዜ እንመላለሳለን፤ እያንዳንዱ ምልልስ አንድ የመውደቅ ዕድል ነው። ባሬላ ስንይዝ ሁለቱም እጃችን ተይዟል፤ ብንደናቀፍ የምንጨብጥበት እጅ የለንም። ከኋላ የምትሸከመዋ ደግሞ ባሬላው ስለሚከልላት የምትረግጠውን ጣውላ አታይም። እግራችን ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው፤ በማልታ ሲርስ ይንሸራተታል። ቀሚሳችን ሚስማር ይይዘዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ደግሞ ከሥራ እንዳትባረር ሆዷን በነጠላ ሸፍና ትወጣለች። ከቁመት ሲወድቅ የሚሞተው ወንድም ሴትም ነው። ይሁን እንጂ ርብራቡ ሲታሰብ የምታመላልሰው ሴት አልታሰበችም።

ከመካከላችን አንዷ በአንድ የግል ሕንፃ ግንባታ ላይ የደረሰባትን እዚህ መግለጽ እንፈልጋለን፤ ስሟን እንዳንጽፍ ጠይቃናለች። ከሁለተኛው ፎቅ ርብራብ ላይ የረገጠችው ጣውላ ከነሚስማሩ ተነቀለና ከባሬላው ጋር ወደቀች። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አሠሪው የታክሲና የሦስት ቀን ደመወዝ ሰጥቶ ላካት። በማግሥቱ ባለቤቷ ሲሄድ «ስሟ መዝገብ ላይ የለም» ተባለ። እውነትም አልነበረም፤ የተጻፈው በካቦው ደብተር ላይ ነበር፤ ካቦው ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሕክምናው የተሸፈነው ከማኅበራዊ ፈንዳችንና ከጎረቤት ከተዋጣ ገንዘብ ነው። ልጇ በዚያ ዓመት ትምህርቱን ለአንድ ሴሚስተር አቋርጦ ሊስትሮ ሠራ። ዛሬ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ሳምንታዊ ቁጠባዋንም አታስታጉልም።

ሕጉ ምን ብሎ መጣ?

የዚህችን እህት ነገር ካየን በኋላ ሕጉን ማንበብ ጀመርን። ብዙዎቻችን ለቀን ሠራተኛ ሕግ የለም ብለን እናስብ ነበር። ሕግ ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ይደነግጋል። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት ሕጋዊ መልክ ሰጠው። ከለውጡ በኋላ በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ። ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 42/1985 እና አዋጅ ቁጥር 377/1996 መጡ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በመካከሉም አገራችን ስለ ሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት የሚደነግገውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ተቀብላለች። ስለ ሕንፃ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቶ ነበር፤ ግንባታ ሲካሄድ የሠራተኛውና የአላፊ አግዳሚው ደኅንነት እንዲጠበቅ ያዝዝ ነበር።

ከአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእኛ የሚጠቅመውን እንደገባን በቀላል ቃል እናስቀምጠው።

በአንቀጽ 7 መሠረት ውሉ በቃል ብቻ ቢሆንም፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ወረቀቱን ባይሰጥም፣ በአንቀጽ 8 መሠረት ሠራተኛዋ መብቷን አታጣም። «መዝገብ ላይ የለሽም» የሚለው ቃል የመጨረሻ ቃል አይደለም ማለት ነው።

በአንቀጽ 92 መሠረት አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ፣ ስለ ሥራው አደጋ ማስረዳት፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ አደጋ ሲደርስም መዝግቦ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

በአንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ግን ይህ አይሠራም። ስለዚህ የራስ ቁር ከተሰጠን ማድረግ አለብን፤ ስለሞቀን ብለን ብናወልቀው መብታችንን ራሳችን እንቀንሰዋለን።

በአንቀጽ 104 መሠረት አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ የተጎዳውንም ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ ቅርብ ወዳለ ሐኪም ቤት ማድረስ አለበት።

በአንቀጽ 32 መሠረት ደግሞ የሠራተኛውን ሕይወት ወይም ጤና የሚያሰጋ አደጋ መኖሩ ተነግሮት አሠሪው ሳያስተካክል ከቀረ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ ተደሰትን፤ ቀጥሎ አዘንን። ሕጉ ይህን ያህል ከሆነ እህታችን ለምን በሦስት ቀን ደመወዝ ተሸኘች? መልሱን ስንፈልግ ወደ አንድ ነገር ደረስን። ሕጉ የሚነሣው ከወረቀት ነው፤ የቀን ሥራ የሚነሣው ግን ከበር ላይ ጥሪ ነው። በሕጉና በበሩ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳጥሩት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው፣ የሠራተኛ ማኅበሩና የሠራተኛዋ የራሷ ማስረጃ ናቸው። ተቆጣጣሪው በየግንባታው መድረስ አይችልም። ማኅበር ያለው ቋሚ ሠራተኛ ነው። በእጃችን ያለው ሦስተኛው ነው።

ከታሪክ ወደ ሥራ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ከጥቂት ወራት ውይይት በኋላ በማኅበራችን ሦስት ነገር ወስነናል።

የመጀመሪያው የደብተር ጉዳይ ነው። ግንባታ ላይ የምትሠራ አባል ሁሉ አንድ ትንሽ ደብተር ትይዛለች። የተቀጠረችበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የአሠሪውን ወይም የካቦውን ስምና ስልክ፣ የቀን ክፍያዋን፣ አብረዋት የሚሠሩትን የሁለት ሰዎች ስም ትጽፋለች። መጻፍ ለማትችል አባል ልጇ ወይም የቡድኗ ጸሐፊ ትጽፍላታለች። አደጋ ቢደርስ ይህ ደብተር ማስረጃ ነው። ወደ ወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ስንሄድም ባዶ እጃችንን አንሄድም።

ሁለተኛው ከመውጣት በፊት ማየት ነው። ጠዋት ባሬላ ከመያዛችን በፊት አምስት ነገር እናያለን፦ የርብራቡ እግር ከሥሩ ጣውላ አለው ወይ? ሰያፍ አለው ወይ? ከሕንፃው ጋር ታስሯል ወይ? የምንረግጠው ጣውላ ይንቀሳቀሳል ወይ? በጠርዙ በኩል የሚይዘን አግዳሚ አለ ወይ? ሌሊት ዝናብ ከዘነበ እንደ አዲስ እናያለን። የጎደለ ካለ አንዷ ብቻዋን አትናገርም፤ ሁለትና ሦስት ሆነን ለካቦው እንነግረዋለን። አንድ ሴት ስትናገር «ነገረኛ» ትባላለች፤ ሦስት ሲሆኑ እንጨቱ ይመጣል። ይህን ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሁለት ቦታ ሞክረነዋል፤ በአንደኛው አግዳሚው ተመታ፤ በሌላው «ካልፈለጋችሁ ሂዱ» ተባልን፤ ሄድንም። ያን ሳምንት የቀረባቸውን የቀን ክፍያ ለሦስቱ እህቶች ከማኅበራዊ ፈንዱ ከፊሉን ሸፈንን። ከጉዳት በኋላ ከምናወጣው ይህ በብዙ ያንሳል።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ነው። የራስ ቁርና ጫማ ብትሰጡን እናመሰግናለን፤ ያስፈልገናልም። ከዚህ የሚበልጥ ግን በእጃችሁ አለ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ታሠራላችሁ። በብዙ የግንባታ ውሎች ርብራብ ራሱን የቻለ ዋጋ የለውም፤ በግንቡና በልስኑ ዋጋ ውስጥ ተጠቅልሎ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ዋጋ ቀንሶ ጨረታ ማሸነፍ የሚፈልግ ተቋራጭ ቀድሞ የሚቆርጠው ከርብራቡ ነው። እናንተ ስታሠሩ ርብራቡ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው ይጻፍ፤ ሳይሠራም አይከፈልበት። መሐንዲሳችሁ ግንቡን ሲለካ ርብራቡንም ይመልከት። በእናንተ ገንዘብ በተሠራ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቻችን ሲማሩ፣ እናታቸው ያንን ግድግዳ ስትሠራ በደኅና ወጥታ በደኅና እንደወረደች እንዲያውቁ እንፈልጋለን።

የባሕር ዛፉ ርብራብ ነገ ጠዋት አይጠፋም። ብረቱ ውድ ነው፤ አጠናው ደጃችን ነው። እስከዚያው ግን ጣውላ መጨመር፣ ሰያፍ መምታት፣ ጠርዙን መከለል ብዙ ብር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ሰው «ይህ ይቅደም» ማለቱን ነው።

ግንባታ ላይ የምትሠሩ አባላት፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ያልገዛችሁም አትቅሩ፤ ከጸሐፊዋ ዘንድ ተዘጋጅቷል። የምትሠሩበትን ቦታ ስም በየተራ እንመዘግባለን፤ የጎደለውንም አንድ ላይ እንጽፋለን።